በኬሚካል ለሚሠሩ ሠራተኞች የአለርጂ ምርመራ፦ ከሥራ ቦታው ዝርዝር እስከ ውጤቱ ወረቀት

ሲሚንቶ የሚያራግፍ፣ አርማታ የሚያቦካ፣ ጨርቅ የሚያቀልም፣ መኪና ቀለም የሚረጭ ወይም ዱቄት የሚነፋ ሠራተኛ እጁ ሲሰነጣጠቅ ወይም ደረቱ ሲታፈን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ቅባትና «አለርጂ ነው» የሚል መልስ ነው። የምን አለርጂ እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የተጻፈው በድሬዳዋና በሐረር ላሉ የፋብሪካ ክሊኒክ ነርሶች፣ የሴፍቲ ባለሙያዎችና የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች ነው። ውጤቱን የሚያነበው የቆዳ ወይም የሳንባ ሐኪም ቢሆንም የምርመራው ግማሽ የሚሠራው እዚያው ሥራ ቦታው ላይ ነው፤ እዚያ የተበላሸውን ሐኪሙ በኋላ ሊያቃናው አይችልም።

የትኛው ምርመራ ለየትኛው ሕመም

የቆዳ መቆጣትና አለርጂ ይለያያሉ። እርጥብ ሲሚንቶ፣ ቤንዚን፣ በረኪና፣ ቀኑን ሙሉ ውሃና ሳሙና የማንንም ሰው ቆዳ ያቆስላሉ። ከሥራ ጋር ከተያያዘ የእጅ ቆዳ ሕመም የሚበዛው ይኸው መቆጣት ነው፤ በፓች ቴስትም (ኬሚካሎች ጀርባ ላይ ተለጥፈው ቆዳው የሚታይበት ምርመራ) በደም ምርመራም አይታይም። የሚታወቀው አለርጂ አለመሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የንክኪ አለርጂ ሲሆን የሰውነት መከላከያ አንድን ኬሚካል ለይቶ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲህ በነካው ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳው ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም፣ በላስቲክ ጓንት ውስጥ ያለው ታይራም፣ ኢፖክሲ ሬዚንና አንዳንድ የጨርቅ ቀለሞች እንዲህ ናቸው። ምርመራው ፓች ቴስት ነው።

በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ የሚያሳብጥ፣ የሚያስነጥስና ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ (ዱቄት፣ አልፋ አሚሌዝ የተባለው የዳቦ ኢንዛይም፣ ላቴክስ ጓንት) ፕሪክ ቴስት (ቆዳ በትንሹ ተወግቶ የሚደረግ ምርመራ) ወይም ለዚያው ነገር ብቻ የሚሠራ የአይጂኢ (ሰውነት ለአለርጂ የሚያመነጨው ፀረ እንግዳ አካል) የደም ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ደረት ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ፒክ ፍሎው (በኃይል የተነፋ ትንፋሽ ፍጥነት መለካት) ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ጥጥ በሚፈተልበት ቦታ ከእረፍት በተመለሱበት በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረት የሚይዝና በሳምንቱ ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ ሕመም ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ ሊሆን ይችላል። የቆዳ ምርመራ አያሳየውም፤ በዚያው ቀን ሥራ ሲገባና ሲወጣ የሳንባ አቅም መለካት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ «ጠቅላላ አይጂኢ» የሚባለውን የደም ምርመራ ለዚህ ጉዳይ አያዙ። የሆድ ትላትል ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ሠራተኛው የከፈለበት ገንዘብ ይባክናል፤ ይባስ ብሎ ያልሆነ መደምደሚያ ይዞ ይወጣል።

ዝርዝሩን ማውጣት

ፓች ቴስት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጀርባ ላይ ያልተለጠፈ ኬሚካል በውጤቱ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሠራተኛውን አንድ ሙሉ ፈረቃ ይከተሉት። ቢሮ አስቀምጦ «ምን ትነካለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «አቦ ፓውደር ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ፓውደሩ ደግሞ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

በፈረቃው ውስጥ የሚመዘገቡት እነዚህ ናቸው፦ እጁ የሚነካው፣ የሚተነፍሰው፣ ያጠለቀው ጓንት ዓይነትና በስንት ቀኑ እንደሚቀየር፣ ጓንቱ ከውስጥ እርጥብ መሆን አለመሆኑ፣ በመጨረሻም እጁን በምን እንደሚያጸዳ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ግራሶ ለማስለቀቅ በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚታጠብ መካኒክ ግን ከግራሶው ይልቅ የሚጎዳው መታጠቢያው ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ኬሚካል የደህንነት መረጃ ቅጹን (ኤስዲኤስ) ከግዢ ክፍል ወይም ከአቅራቢው ይጠይቁ። ቅጹ 16 ክፍሎች አሉት። ክፍል 2 ላይ ኤች 317 ካለ በቆዳ አለርጂ ያመጣል ማለት ነው፤ ኤች 334 ካለ ሲተነፈስ አለርጂ ወይም አስም ያመጣል። ክፍል 3 ላይ የቅንብሩን ስምና የካስ ቁጥር (የኬሚካሉ መለያ ቁጥር) ይገለብጡ፤ የንግድ ስም ብቻውን ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ክፍል 9 ላይ ፒኤቹን (የአሲድነት ወይም የአልካሊነት መለኪያ) ይጻፉ፣ በኋላ ያስፈልጋል። መጠኑ አነስተኛ የሆነ አለርጂ አምጪ በቅጹ ላይ ላይጻፍ ስለሚችል «ቅጹ ላይ የለም» ማለት «ውስጡ የለም» ማለት አይደለም።

ከበርሜል ወደ ባዶ ሃይላንድ ወይም ጀሪካን የተገለበጠ ፈሳሽ ካገኙ ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳ እስኪታወቅ ድረስ ዝርዝሩ ውስጥ በጥያቄ ምልክት ይቆይ። ለማወቅ ብለው አያሽትቱት።

ከሥራ ውጭ ያለውንም ይጠይቁ፤ በድሬዳዋና በሐረር አንዱ ዋና ጥያቄ ሂና ነው። ንጹሕ የሂና ቅጠል የሚተወው ቀለም ከብርቱካንማ እስከ ቡናማ ነው። ቶሎ ጥቁር የሚያደርገው «ጥቁር ሂና» ግን ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የሆነው ፒፒዲ የተጨመረበት ነው። ለሠርግ ወይም ለዒድ ጥቁር ሂና ተቀብታ የተሳለው አበባ በቅርጹ ልክ አብጦ ውሃ የቋጠረባት ሴት ለፒፒዲ አለርጂ ሊኖራት ይችላል። ፒፒዲ ደግሞ ከአንዳንድ የጨርቅ ቀለሞችና ከጥቁር ጎማ ኬሚካል ጋር ስለሚዛመድ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራበትን ጨርቅ ስትነካ ትታመም ይሆናል። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ፤ የተለመደው 1% ፒፒዲ ጀርባዋን ሊያቆስል ስለሚችል በ0.1% መጀመር ይሻላል። ከጎማ የተሠራ በረባሶና በክሮሚየም የለፋ የቆዳ ጫማም በዚሁ ዝርዝር ይግቡ።

ከመለጠፉ በፊት

በአካባቢው ምርመራው የት እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠይቁ። ከድል ጮራ፣ ከሳቢያን ወይም ከሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ጋር ሲነጋገሩ «ፓች ቴስት አላችሁ ወይ» ብቻ አይበሉ፤ ዝርዝሩን ልከው የትኞቹ አለርጂ አምጪዎች በእጃቸው እንዳሉ ይጠይቁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ካለ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። አለርጂ አምጪው በቫዝሊን ተለውሶ በመርፌ (ሲሪንጅ) ውስጥ ነው የሚመጣው፤ በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ ከዋለ ቫዝሊኑ ይቀልጣል፣ ቅንጣቶቹ ይዘቅጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ቻምበር (ኬሚካሉን ይዞ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ሳህን) ብዙ፣ ሌላው ምንም ይዞ ይለጠፋል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ስንት ሰዓት እንደቆየ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ውስጡ ይኑር።

ወቅቱ ለውጥ ያመጣል። ላብ ፕላስተሩን ያነሳዋል፤ የተነሳ ቻምበር ደግሞ የውሸት «የለም» ይሰጣል። ለድሬዳዋ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ሐረር ከፍታዋ ስለሚረዳ እንዲህ አትመርጥም። የጥምቀትን ሳምንት ግን ይዝለሉ፤ ውሃ የተረጨበት ጀርባ ከመጀመሪያው ይደገማል።

ሠራተኛው የሚከተሉትን ማሟላቱን ያረጋግጡ፦

- ጀርባው ላይ ሽፍታ የለም፤ ካለም እስኪድን ይጠበቃል። ሰውነቱ በኃይል ተቆጥቶ ሳለ ቢለጠፍ ጀርባው ሁሉ ይነሳና የቱ እውነት እንደሆነ መለየት አይቻልም።
- ጀርባው ላይ ስቴሮይድ ቅባት ከተቀባ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት አልፎታል። «ቅባት ትቀባለህ?» ሲባል «አልቀባም» የሚል ሰው ፊት የሚያነጣ ክሬም ሊጠቀም ይችላል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። ቱቦውን ይዞ ይምጣ።
- ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን በቀን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ አይወስድም። የሚወስድ ከሆነ ማቆም ወይም መቀነስ የሐኪሙ ውሳኔ ነው።
- ጀርባው በቅርብ ሳምንታት በፀሐይ አልተቃጠለም። ሸሚዝ አውልቀው የሚያራግፉ ሠራተኞች ቢያንስ አራት ሳምንት ሸሚዝ ለብሰው ይሥሩ።
- ነፍሰ ጡር ከሆነች ምርመራው ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል።

ሴትሪዚንና ሎራታዲን የተባሉትን የአለርጂ ክኒኖች ለፓች ቴስት ማቋረጥ አያስፈልግም። ለፕሪክ ቴስት ግን ግዴታ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል።

መለጠፉ

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ይለጠፋል፣ ረቡዕ 3 ሰዓት ይነሳል፣ ዓርብ ጠዋት ይነበባል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ አንዴ ይታያል። ዓርብን ከጁምዓ ሶላት በፊት ማድረግ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙቀትም መሸሽ ይሻላል። ፈረቃው ከዚህ ጋር እንዲስማማ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ዓርብ የቀረ ሠራተኛ ምርመራው አልተደረገለትም ማለት ነው።

1. ጀርባው ላይኛው ክፍል በደረቅ ፎጣ ይጠረግ። ቅባት ካለ በውሃ ተጠርጎ ይድረቅ። ፀጉር ካለ ከሁለት ቀን በፊት በመቀስ ይከርከም፤ በምላጭ አይላጭ።
2. ከአከርካሪው መስመርና ጡት መያዣ ከሚያልፍበት ቦታ ሸሽተው ቦታ ይምረጡ። ለሴት ሠራተኛ መጋረጃ ያለው ክፍልና ሴት ባለሙያ ያዘጋጁ፤ ይህ ከሌለ ብዙዎቹ ረቡዕ አይመለሱም።
3. 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቻምበር ውስጥ በቫዝሊን የተዘጋጀውን 20 ሚሊ ግራም ያህል ያስገቡ፤ ከመርፌው ሲጨመቅ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ነው። ከበዛ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል።
4. ፈሳሽ የሆነው 15 ማይክሮ ሊትር ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ልክ ሊለጠፍ ሲል እንጂ ቀድሞ አይደለም። ፎርማልዴሃይድ ይተናል።
5. ከታች ወደ ላይ እየተጫኑ ይለጥፉ፤ አየር እንዲወጣ እያንዳንዱን ቻምበር በጣት ይጫኑ። ጫፍ ጫፉን በተጨማሪ ፕላስተር ያጠናክሩ።
6. ቁጥሩን በቆዳ ብዕር ይጻፉ፤ ወረቀት ላይም ካርታውን ይሳሉ። ላብ ብዕሩን ያጠፋዋል፤ ካርታው ከሌለ ሰባተኛው የቱ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም።

ሁሉም ሠራተኛ መደበኛውን የአለርጂ አምጪዎች ስብስብ ይለጠፍለታል፤ በዚያ ውስጥ ሙያው የሚፈልገው መኖሩን ያረጋግጡ። ለግንበኛና ለሲሚንቶ ሠራተኛ የክሮሚየሙ ፖታሲየም ዳይክሮሜት 0.5%፣ ኮባልት ክሎራይድ 1%፣ ኢፖክሲ ሬዚን 1% እና ታይራም ድብልቅ 1% ያስፈልጋሉ። ለጨርቃ ጨርቅ የዲስፐርስ ሰማያዊ 106/124 ድብልቅ 1%፣ ፒፒዲ 1% እና በውሃ የተዘጋጀ ፎርማልዴሃይድ 2%። ለጋራዥ ኒኬል ሰልፌት 5%፣ የጥቁር ጎማው አይፒፒዲ 0.1%፣ ኮሎፎኒ (የጥድ ሙጫ) 20% እና ኤምሲአይ/ኤምአይ የተባለው ፈሳሽ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል 0.02% በውሃ።

እስከ ረቡዕ ጀርባ አይረጥብም፣ ሸክም በጀርባና በትከሻ አይነሳም፣ ላብ የሚያስወጣ ሥራ አይሠራም። ውዱዕ ችግር የለውም፤ ሙሉ ገላ መታጠብ ግን ይቆያል። ማሳከክ የሚጠበቅ ነው። አንድ ቦታ እንደ እሳት ካቃጠለው ያችን ቻምበር ብቻ ያንሱ፤ ሰዓቱንም ይጻፉ።

ንባብ

ቻምበሩ ከተነሳ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ የፕላስተሩ ምልክት እስኪጠፋ። የውጤቱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አጠራጣሪ፣ አንድ መደመር (ቀላ ብሎ የደነደነ)፣ ሁለት መደመር (ጥቃቅን ውሃ የቋጠረ)፣ ሦስት መደመር (ውሃው የተያያዘ ወይም የቆሰለ)።

የመማሪያ ሥዕሎች የተነሡት በነጣ ቆዳ ላይ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላትን ብቻ የሚፈልግ ሰው እውነተኛውን አለርጂ ይስታል። ክፍሉን አጨልመው ባትሪ ከጎን ያብሩ፤ የተነሳው ነገር ጥላ ይጥላል። ከዚያ ዓይን ጨፍነው በጣት ጫፍ ቦታውን ይዳብሱ፦ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ አሸዋ ሻከር ያለ፣ ደንዳና ነው ወይስ ከዙሪያው እኩል? ቀለሙ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ይችላል። የተነሳው ቦታ ከዳነ በኋላ ለሳምንታት ጥቁር ምልክት ሊተው እንደሚችል ሠራተኛው ከመለጠፉ በፊት ይነገረው።

መቆጣትን ከአለርጂ የሚለየው የጊዜ ሂደቱ ነው። መቆጣት በቻምበሩ ልክ ጠርዙ የተሳለ ሆኖ ረቡዕ ይታይና ዓርብ ይደክማል። አለርጂ ረቡዕ ጀምሮ ዓርብ ይብሳል፤ ከቻምበሩ ጠርዝም ያልፋል። አንዳንድ ብረቶች እስከ ሰባተኛው ቀን ይዘገያሉ። ረቡዕ ብቻ አንብቦ ማሰናበት በዚህ ምርመራ ላይ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ትልቁ ነው።

ከፋብሪካው የመጣ ዕቃ

ሠራተኞች ከሥራ ቦታ ትንሽ ቆንጥረው ይመጣሉ፤ ማምጣታቸው ጥሩ ነው፣ ሳይታወቅ መለጠፉ ግን አደገኛ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤቹ 12 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ተሸፍኖ ከቆየ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ ስለ ክሮሚየም አለርጂም ምንም አይናገርም። የክሮሚየሙ ጥያቄ በዳይክሮሜቱ 0.5% ተመልሷል፤ ሲሚንቶ በምንም መልክ አይለጠፍ። ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ (ቲነር)፣ አሲድ፣ ካስቲክ ሶዳና ስሙ ያልታወቀ ፈሳሽም እንደዚሁ። «እቤቴ ክንዴ ላይ ሞክሬው» የሚል ሠራተኛ ካለ ማስቆም የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

የሚለጠፈው የሚከተለው ነው። የራሱ ጓንት፣ የሚሠራበት ጨርቅ፣ የጫማው ውስጥ ቆዳ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በውሃ ረጠብ ተደርጎ እንዳለ ይለጠፋል። ጓንቱ ሲቆረጥ ከውስጥ በኩል ቆዳ የሚነካው ፊት ወደ ጀርባው ይዙር። በውሃ የሚሠራ የመቁረጫ ዘይት በ5% ይበረዛል፤ ማሽን ውስጥ ያለው ቀድሞ ስለተበረዘ ስሌቱ ከዚያ ይነሳል። ሌላው ሁሉ ኤስዲኤሱን ባየ ሐኪም ይወሰናል፤ ፒኤቹ ከ4 እስከ 9 ካልሆነም አይነካም። ለሐኪሙ የሚላክ ናሙና ንጹሕ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይግባ፤ ስሙ፣ ቀኑና የተቀዳበት በርሜል ይጻፍበት።

ደረት ከሆነ

ለፒክ ፍሎው የሚያስፈልገው መለኪያው፣ መዝገቡና ትዕግሥት ነው። ሠራተኛው ቆሞ፣ በኃይል ስቦ፣ ከንፈሩን አጥብቆ በአንዴ ይነፋል። ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ከፍተኛው ይጻፋል፤ ሁለቱ ትልልቆች በደቂቃ ከ20 ሊትር በላይ ከተለያዩ ይደገማል። ቢያንስ በቀን አራት ጊዜ፣ ቢቻል ከእንቅልፍ ከተነሳበት እስከሚተኛበት በየሁለት ሰዓቱ፣ ለአራት ሳምንት ያህል ይለካል፤ በመካከሉ ከሥራ የራቀባቸው ተከታታይ ቀናት ይኑሩ። የእረፍት ቀናት ከሌሉ የሚወዳደር ነገር የለም።

ዋናው ስህተት ሠራተኛውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሮ ከዚያ መለካት ነው። ትንፋሹ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይዛወር። ከሥራ ከወጣ ከሰዓታት በኋላ ማታ የሚመጣ መታፈንም አለ፤ ሠራተኛው ቤቱን ይጠረጥራል እንጂ ፋብሪካውን አያስብም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሰዓቱ፣ የሠራው ሥራ፣ በትንፋሽ የሳበው መድኃኒት፣ ዕጣን ወይም ሺሻ ያለበት ክፍል ውስጥ ከዋለም እሱ ይጻፍ።

መኪና በሚረጭበት ቦታ ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ሃርድነር (ማጠንከሪያ) አይሶሳያኔት የተባለ አስም አምጪ ኬሚካል ይኖረዋል። ለእሱ የሚሠራ የአይጂኢ ምርመራ አለ፤ «የለም» ካለ ግን አስሙ የለም ማለት አይደለም፤ የፒክ ፍሎው መዝገቡ ይበልጥበታል።

ፕሪክ ቴስት ከተወሰነ ሴትሪዚን ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቋረጣል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይነበባል፤ ለማነጻጸሪያ ከተደረገው የጨው ውሃ በ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ እብጠት ካለ «አለርጂ አለ» ይባላል። አድሬናሊን (ለከባድ አለርጂ የሚሰጥ መርፌ) በእጅ ሳይኖር አይጀመር፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ጎን ጡንቻ ውስጥ ነው የሚሰጠው።

ውጤቱና ወረቀቱ

«ፓዘቲቭ» ብቻውን ምርመራ አያጠናቅቅም። ክሮሚየም የተነሳበት ሰው ከሲሚንቶው ነው ወይስ ከቆዳ ጫማው? ዝርዝሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለክሮሚየም አለርጂ የያዘው ሰው በክሮሚየም የለፋ የቆዳ ጓንት አይሰጠው። ታይራም የተነሳበት ተራ የላስቲክ ጓንት ትቶ ፒቪሲ ወይም ታይራም የሌለበት ይያዝ። ኢፖክሲ ቀጭን ናይትራይል ጓንትን በአጭር ጊዜ ያልፈዋል፤ በተለያዩ ንብርብሮች የተሠራ ጓንት ያስፈልገዋል። ከብረት ሰልፌት ጋር የተመረተ ሲሚንቶ የሚሟሟው ክሮሚየም ያነሰ ነው፤ ከረጢቱ ሲያረጅና እርጥበት ሲነካው ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ለአደገኛ ሥራ ለተመደበ ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ የሕክምና ምርመራ በራሱ ወጪ እንዲያስደርግ ያዛል። ወጪውን ከደመወዝ ቆርጦ መልሱልኝ ማለት ተገቢ አይደለም። ከመቀጠሩ በፊት ጤነኛውን ሰው «አለርጂ እንደሌለብህ አስመርምር» ብሎ ለፓች ቴስት መላክም ትክክል አይደለም፦ ወደፊት ማን እንደሚይዘው አይተነብይም፣ አልፎ አልፎም ምርመራው ራሱ አዲስ አለርጂ ይፈጥራል። ከተለጠፈ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ዘግይቶ የተነሳ ቦታ ካለ ለሐኪሙ የሚነገረውም ለዚህ ነው።

ሁለት ወረቀት ይዘጋጅ። ለአሠሪው የሚሰጠው ምን መንካት እንደሌለበትና ምን ጓንት እንደሚያስፈልገው ብቻ ይጻፍበት፤ የተቀረው የሕክምና ምስጢር ነው። ለሠራተኛው የሚሰጠው ግን የኬሚካሉን ስም፣ መጠኑን፣ የተነበበባቸውን ቀናትና የሚገኝባቸውን ዕቃዎች በአማርኛ፣ እንዲሁም በሚያነበው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ዘርዝሮ ይያዝ። ከፋብሪካ ወጥቶ ግንባታ ሊገባ ይችላል፤ አለርጂው ግን አብሮት ይሄዳል።

ለውጡ ከተደረገ ከስድስት ሳምንት በኋላ እጁን ይመልከቱ። ካልተሻለው ጓንቱን ገልብጠው ውስጡን ይዩ፣ ጫማውን ይጠይቁ፣ በምን እንደሚታጠብም ዳግመኛ ቆመው ይመልከቱት።